ግማሽ መርፌ ፍለጋ

ጫጫታ አልወድም። የሰው ጫጫታ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ወሎ ተወልጄ እንዴት እጠላለሁ! የኔን ዕድሜ የሚያሳጥረው ጆሮ የማይሰማው ጫጫታ ነው። መካነ ሰላም የተከራየኋት ክፍል ከእህል ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ወፍጮው ሲነሳ ሰው ዱቄቱን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው መሣሪያ አብሮ ሲያብድ አያለሁ። ባጃጅ በደጃፉ ሲያልፍ ይጮሃል። ጎረቤት ካውያ ሲሰካ ይጮሃል። ፀጉሬ ላይ የሰካኋት የብረት መያዣ ሳትቀር ታስጮኸዋለች። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ ወፍጮ ቤቱ ገባሁና «ኧረ ለትንሽ ደቂቃ አጥፉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ከእግሬ እስከ ራሴ ገላመጡኝ። አንዷ «እሺ የኔ እህት፣ ልጆቼ ማታ ምን ይብሉ? ያንቺን ሽቦ?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። መሣሪያው የማግኔት ኃይል የሚሰማ ነው፤ ከክፍል መልስ ምሳዬን እንኳ ሳልበላ የምጎነጉነው እሱን ነበር። ነገሩ የተጀመረው በአጎቴ በሬ ነው። በሬው ከድርቆሽ ጋር የሽቦ ቁራጭ ዋጠ፤ ሆዱ ውስጥ የት ጋ እንደተሰካ የሚያውቅ ጠፍቶ እየመነመነ ሄደና ሞተ። አጎቴ ሰው ሞቶበት ያላለቀሰውን ለዚያ በሬ አለቀሰ። እኔም «ሆድ ውስጥ ያለ ብረት ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ነገር ሠርቼ ካላሳየኋችሁ!» ብዬ ፎከርኩ። መፎከሩ ቀላል ነው። ትንሽ ሽቦ የምታሰማው እኮ ሹክሹክታ ነው፤ መሬቱ ራሱ ትልቅ ማግኔት ነው፤ መብራቱም፣ ሞተሩም፣ ጣሪያውም በላይዋ ይጮሁባታል።

መላው ጩኸቱን ማጥፋት እንዳልሆነ የገባኝ ከወፍጮ ቤቱ ሴቶች ከተባረርኩ በኋላ ነው። የሚጮኸው ይጩህ፤ እኔ እንዳልሰማው ላድርግ አልኩ። ከተበላሸ ዕቃ በፈታኋት ስስ የብረት ጥብጣብ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩ። እንዲህ ያለ ጥቅል ሁለት ሠራሁና በአንድ ሸምበቆ ወዲህና ወዲያ ጫፍ ላይ በሰም አጣበቅኳቸው፤ አንዱ የሰማውን ሌላው እንዲቀንስበት አድርጌም አገናኘኋቸው። ከሩቅ የሚመጣው ጩኸት ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ ሲቀናነስ ይጠፋል። አጠገባቸው ያለች ትንሽ ብረት ግን ለአንዱ ትቀርባለች፣ ከሌላው ትርቃለች፤ እሷ አትጠፋም። ያኔ ከባትሪው ጎን ያለችው ድምፅ ማጉያ ሲጥ ትላለች። ብረቱ ሲቀርብ ሲጥታው እየበረታ ይሄዳል።

ይህን በአንድ አንቀጽ ጻፍኩት እንጂ ስንት ወር ሰም ስፍቅ እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለቱ ጥቅሎች ትንሽ እንኳ ከተዛነፉ ሸምበቆውን ባዞርኩት ቁጥር ያለ ምንም ብረት ይጮሃል። በጋለ እንጨት ሰሙን ነካ፣ ጥቅሉን ገፋ፣ እንደገና አዙሬ ማየት። ተናድጄ ሁለት ሸምበቆ ጉልበቴ ላይ ሰብሬያለሁ። ከሰበርኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሸምበቆ እፈልጋለሁ።

አባባ ሸህ ናቸው፤ ቁርአን ያስቀራሉ፤ ግቢያችን ሊቀሩ ከሚመጡ ደረሳዎች ተለይቶ አያውቅም። በአንድ የኢድ ሰሞን መሣሪያውን ይዤ ቤት ሄጄ ነበርና እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ።

«አባባ፣ ጥቅሎቹ ሁለት ምስክሮች ናቸው ይበሉ» አልኳቸው። «ሁለቱም እኩል የሰሙትን እጥለዋለሁ፤ አንዱ ብቻ የሰማውን እይዛለሁ።»

ጢማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። «ሁለቱ የተስማሙበትን ትጥያለሽ?»

«አዎ።»

«አንዱ ብቻውን ሰማሁ ያለውን ታምኛለሽ?»

«እንደሱ ነው።»

«ሱብሃን አላህ! ቃዲ አድርገው ቢሾሙሽ አገሩ በአንድ ጁምዓ ይፈርስ ነበር!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ከጓዳ ሆና «እሷን ተዋት፤ ከሽቦ ጋር ኒካህ አስራለች» አለች። እናቴ እንዲህ ናት፤ ሳላገባ መቅረቴን በየሰበቡ ታነሳዋለች። ለምጄዋለሁ፤ ሳትወጋኝ የዋለች ቀን አሟት ይሆን እላለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ ወደ እናታችን ቤት መጣች። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ መኪና መንገዱ ዳር ይጥልሃል፣ የቀረውን በእግር ነው። በሰላም ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ገንፎ ይዘው መጥተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት፤ አባባም ከደጅ ሆነው «አሚን» አሉ። ባሏ ልጁን አይቶ ለንግዱ አቀስታ ተመለሰ፤ ክረምቱም እዚያው ዘጋበት።

እናቴ አራስ አያያዝ ላይ ጨካኝ ናት። አርባው ሳይሞላ ደጅ መውጣት የለም፣ ቀዝቃዛ ውኃ መንካት የለም፣ ስፌትማ የማይታሰብ ነው፤ «አራስ መርፌ ከያዘች ዓይኗ ይደክማል» ትላለች። እህቴ ደግሞ እጇ ሥራ ከፈታ የምትታመም ሰው ናት። በብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቃ ለልጁ ቆብ ትሰፋ ጀመር። አንድ ጠዋት እናቴ በድንገት በሩን ከፈተችው። እህቴ ደንግጣ ስፌቱን ከታች ወሸቀችው፤ በዚያው ቅጽበት ቀጭ የሚል ነገር ሰማች፤ ልጁም ጮኸ። ስትገልጠው ጭኑ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች። ክሩ የገባበት የመርፌው ግማሽ መጠቅለያው ላይ ተገኘ። የጫፉ ግማሽ የለም።

አልጋውን አራገፉ፣ ጨርቁን አራገፉ፣ መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የለም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በጭቃው መጥታ አየችው። ጭኑ ላይ ያለችው ነጥብ ጭረትም ልትሆን ትችላለች፣ መርፌ የገባበትም ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይታወቅም፤ ኤክስሬይ ይታይ፤ እስከዚያ ጭኑን ማንም እንዳይጫነው አለች። እውነቷን ነው። ግን የሚሠራ ኤክስሬይ ያለው ከወንዙ ማዶ አቀስታ ነው፤ ጎርፉ ደግሞ መንገዱን በልቶት ነበር፤ መኪና አያልፍም፤ ሕፃን ተሸክሞ ያን ወንዝ መሻገር ደግሞ ከመርፌው የባሰ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ክፍል አስተምሬ እንደወጣሁ አባባ ደወሉ። አባባ ስልክ አይወዱም፤ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ልጄ፣ ያ ለበሬ የሠራሽው ነገር ለልጅ አይሆንም?» አሉኝ።

የመርፌውን ነገር ሲነግሩኝ ሸምበቆውን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወጣሁ። ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲደርስ «ከዚህ ወዲያ አላልፍም» ብሎ ቆመ፤ ሰደብኩት፤ ምን ያድርግ፣ ጎማው ተውጧል። የቀረውን ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ መርፌው ይሰማል ወይስ አይሰማም? እህቴ መርፌዎቿን ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ አውጥቼ የሰጠኋት ማግኔት ላይ ነው የምትለጥፋቸው። ማግኔት ላይ የኖረ መርፌ ራሱ ትንሽ ማግኔት ይሆናል፤ ይሰማል። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ከሰማሁትስ? ጭኑ ውስጥ ነው ብዬ ለእህቴ የምነግራት እኔ ልሆን ነው? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ትዝ አለኝ።

ቤት ስደርስ የዙህር አዛን ተብሎ ነበር። አባባ ደረሳውን አሰናብተዋል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ገባሁ። ሕፃኑ በጀርባው አልጋው ላይ ተንጋሏል። እህቴ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን ከጀርባዋ አቆላልፋ፣ ደረቷን ብቻ ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ልታጠባው ትታገላለች። እሱ ጡቱን ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል።

«ለምን አታቅፊውም?» አልኳት።

«ካቀፍኩት እጫነዋለሁ» አለች። «ከተጫንኩት ይገባል። እጄን አላምነውም።»

ከጠዋት ጀምሮ ማንም አላነሳውም። እናቴ ልታነሳው ስትል እህቴ እንደ አውሬ ትጮህባታለች። ልጁ ለቅሶው እየሰለለ መጥቷል።

ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ቆጣ ማለት ይቀለኛል። «ብረት ያለው ሁሉ ይውጣ!» አልኩ። ቁልፍ፣ ስልክ፣ ምላጭ፣ የፀጉር መያዣ፣ የአባባ መነጽርና ዣንጥላ፣ የተገኘው የመርፌው ግማሽ፣ እናቴ አንገትጌዋ ላይ የምትሰካው መርፌ ሳይቀር ሰፌድ ላይ ተሰብስቦ ወደ ደጅ ወጣ። አልጋው የጠፍር አልጋ ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም፤ ለኔ ከዚህ የተሻለ አልጋ የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም ሩቅ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች እኩል ይሰሙታል፤ ይጠፋል።

«ሌላ ብረት የለም?» አልኩ።

«ምን አለ ሌላ» አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች።

መሣሪያውን አስነሳሁት። በሩ አጠገብ ዝም ነው። ቤቱ መሃል ዝም። ቢስሚላህ ብዬ ወደ አልጋው ሳስጠጋው ሲጥ ማለት ጀመረ። ወደ እግሩ ሳወርደው በረታ። ጭኑ ላይ ሲደርስ ጮኸ፤ ጆሮ በጣሽ ጩኸት።

እህቴ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው «ያ አላህ፣ ያ ረቢ» እያሉ ቁልቁል ተንሸራተቱ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ መሣሪያውን አጥፍቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ምን ቆርጦኝ ሠራሁት? በሬ እንደሆን ሞቶ ያልቃል፤ ይሄ የእህቴ ልጅ ነው። ካፊያው ላይ ቆሜ ራሴን፣ ወንዙን፣ ሰማዩን ረገምኩ።

ንዴቴ ቶሎ ይገነፍላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሲበርድልኝ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ጩኸቱ በዛ። እንዲህ ያለ ቁራጭ ስንት ጊዜ ሞክሬ አይቻለሁ፤ ከስንዝር ርቀት ሲጥ ቢል ነው። ሰፌዱ ላይ የነበረውን የመርፌውን ሌላ ግማሽ አንስቼ መዳፌ ላይ አደረግኩና ሸምበቆውን በላዩ አሳለፍኩት። ሲጥ አለ፤ እንደ ጫጩት። የቤቱ ጩኸት ግን የጫጩት አልነበረም። ለግማሽ መርፌ ይሄ ሁሉ?

ተመልሼ ገባሁ። «ልጁ ከአልጋው ይነሳ፤ አልጋውን ብቻውን ልየው» አልኩ።

«አትንኪው!» አለች እህቴ።

«ጩኸቱ ልክ አይደለም እኮ ነው የምልሽ! ከሱ ላይሆን ይችላል!»

«አንቺ ወልደሽ ስለማታውቂ ነው! ሽቦ ነው የምታውቂው አንቺ!»

ይህ ቃል ያመኛል። ከእናቴ ሲመጣ እስቅበታለሁ፤ ከሷ ሲመጣ ግን የሆነ ቦታ ገባ። መልሼ ልሰድባት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ጀርባዋ ላይ የተቆላለፉትን እጆቿን አየሁ። ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። አፌን ዘጋሁት።

አባባ ተነሱ። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው «አብሽሪ ልጄ» አሏት። «አንነካውም። የተኛበትን አንሶላ ነው የምናነሳው። ሁለቱን ጫፍ አንቺ፣ ሁለቱን ጫፍ እኔ። እንደተኛ ከፍ ይላል፣ እንደተኛ ይወርዳል። ጣታችን ገላው ላይ አያርፍም።»

የአንሶላውን ጫፍ አየችው። ከዚያ እጆቿን ከጀርባዋ አመጣች። «ቢስሚላህ» ተባባሉና አንሶላውን በአራት ጫፉ ይዘው አነሱት። ልጁ መሃል ላይ ሆኖ ከአልጋው ከፍ አለ፤ ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እኔ ሸምበቆውን ባዶው አልጋ ላይ ዘረጋሁት።

ጮኸ። ያው ጩኸት፣ ያው ቦታ። ልጁ ግን እዚያ የለም።

«ከፍራሹ ስር ነው!» አልኩና ፍራሹን ያዝኩት።

«ተዪው!» አለች እናቴ። ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «እኔ አወጣዋለሁ። ተዪው፣ እኔ...» እጇን በሣር ፍራሹ ስር ሰደደችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው ቢላዋ ነው፤ እጀታው የረገፈ፣ እንደ ክንዴ የሚረዝም የጥንት ቢላዋ።

ለአራስና ለጨቅላ ከራስጌ ወይ ከፍራሹ ስር ብረት ማኖር ያገራችን ልማድ ነው፤ ክፉ ዓይንና ጂን ብረት ይፈራል ይባላል። አባባ ግን ይህን ነገር ሲያወግዙ ነው የኖሩት። የሚጠብቅ አላህ ነው እንጂ ብረት አይደለም ብለው ደረሳውን ያስተማሩ ሰው፣ ቢላዋው የገዛ ሚስታቸው እጅ ላይ ነው። እህቴ መርፌዋን ከእናቴ ደበቀች፤ እናቴ ቢላዋዋን ከአባባ ደበቀች። በዚህ ቤት ብረት ያልደበቅኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ የምውለው ከብረት ጋር!

«ስጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «ልጁ ውስጥ ነው ብዬ ልምል ነበር እኮ!»

«አባትሽ ቆመው!» አለች እያለቀሰች። «ዝም አይነቅዝም አልኩ። መሣሪያሽ መርፌ ብቻ የሚፈልግ መሰለኝ እንጂ ቢላዋም ይሰማል ብዬ መቼ አወቅኩ? ወላሂ አላወቅኩም!»

ሁላችንም ወደ አባባ ዞርን። አንሶላውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው። ቢላዋውን አዩት፣ እናቴን አዩዋት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«የኔም እናት ታደርገው ነበር» አሉ። «ከዚህ የሚበልጥ ነበር የሷ።» ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አሁን ልጁን እይ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ? ክንዴ ዛለ!»

ካፊያው አባርቶ ነበር። ሰፌዱንና ቢላዋውን ወደ አጥሩ አርቀን፣ ቆርቆሮውም እንዳያሳስበኝ ወደ ግቢው ወጣን። አጎዛ ተነጠፈ፤ ልጁን ከነአንሶላው አስተኙት። መጠቅለያውን እኔ ፈታሁት፤ ቀዩን ሰውነቱን ለብርዱ አጋለጥኩት፤ እግሮቹን አወራጨ። ሸምበቆውን ከራሱ ጀመርኩ። ደረቱ ዝም። ሆዱ ዝም። ጭኑ ጋ ስደርስ ቀስ አልኩ። ዝም። ወዲያኛው ጭን፣ ዝም። ሸምበቆውን በቁመትም በአግድምም አዞርኩት፤ በተጫረው ጭን ላይ ቆዳውን እስኪነካ ድረስ አወረድኩት። ዝም፣ ዝም፣ ዝም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ስንት ወር ሰም የፋቅኩት ለካ ለዚች ዝምታ ነው። እፎይ ብዬ መሬቱ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ምንም የለም» አልኩ። «ንጹሕ ነው። ጭረት ነው እንጂ ውስጡ ምንም የለም።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እህቴ አቋረጠቻት። «መሣሪያው ዝም ያለው ሞቶ ቢሆንስ? ባትሪው አልቆ ቢሆንስ?»

ልቆጣ ነበር፤ ግን ጥያቄዋ የደህና ተማሪ ጥያቄ ነው። ክር ያለበትን ግማሽ መርፌ አምጥቼ ከልጁ ጭን ስር፣ ከአጎዛው በታች አስገባሁት። ሸምበቆውን በጭኑ ላይ አሳለፍኩት። ሲጥ። አወጣሁት። ዝም።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ሲጥ። ዝም።

«አሁን እኔ ልደብቀው፣ አንቺ ዞር በይ።» ደበቀችው፤ ሸምበቆውን አሳለፍኩ፤ ከግራ እግሩ ስር አገኘሁላት። ራሷን ነቀነቀች። ማመን ፈልጋለች፤ ግን አልሆነላትም። ልጁን ጠቀለልነው፤ ማልቀሱን ቀጠለ። እሷ አጠገቡ ተንበርክካ እጆቿን መልሳ ወደ ኋላዋ ወሰደቻቸው።

«ያኛው ግማሽ የት አለ ታዲያ?» አለች። «የት ገባ?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አሁን ቤቱን በሙሉ በሸምበቆ መጥረግ ነው። ቢላዋው ደጅ ወጥቷል፤ አልጋው ዝም አለ። ወለሉ ዝም። ብርድ ልብሱን እናቴ እጥፍ በእጥፍ እየዘረጋች ያዘችልኝ፤ ዝም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አባባ «ክንዷን የምታሳርፍበት ትራስስ?» አሉ። ስታጠባ ክርኗን የምታስደግፍባት የጥጥ ትራስ ናት፤ ጠዋት ሦስቱም አራግፈዋታል፣ ዳስሰዋታል። ሸምበቆውን አስጠጋሁት።

ሲጥ። እንደ ጫጩት።

እናቴ የትራሱን ስፌት በጥርሷ ቀደደችው። ጥጡን ጭብጥ ጭብጥ እያደረግን ወለሉ ላይ አወጣነው፤ እያንዳንዱን ጭብጥ በሸምበቆው አሳለፍኩት። ዝም ያለውን ወዲያ፣ ዝም ያለውን ወዲያ። አንዱ ሲጥ አለ። እናቴ ፈለቀቀችው፤ እየፈለቀቀች ሳለ «ኡፍ!» ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። መርፌዋ ወግታታለች። ከጣቷ ደም እየወጣ ትስቅ ነበር።

አባባ ወደ ግቢው ወጥተው ሁለቱን ግማሾች መዳፋቸው ላይ ጫፍ ለጫፍ ገጠሟቸው። ሙሉ መርፌ ሆነ፤ የጎደለ የለውም። መዳፋቸውን ዝቅ አድርገው ለእህቴ አሳዩዋት። «ይኸው። አላህ ሳይደግስ አይጣላም።»

እህቴ መርፌውን አየችው። ጣቷን ሰድዳ የተገጠመበትን ቦታ ነካችው። ከዚያ ልጁን አየችው። ለቅሶው ሰልሎ አሁን ጭጭ ወደ ማለት ደርሷል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እጆቿ ከጀርባዋ ወጡ፤ አየር ላይ ቆሙ፤ የት እንደሚያርፉ የጠፋቸው ይመስላሉ።

«አንሺው» አልኳት። «ንጹሕ ነው። አንሺው በቃ።»

አነሳችው። ቀስ ብላ አይደለም። ከአጎዛው ላፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ በዚያ በተጫረው ጭኑ ላይ መዳፏን ከነሙሉ ኃይሏ ጫነችው፤ ፊቷን አንገቱ ስር ቀብራ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ጡቷን አገኘና ጭልጥ አድርጎ መጥባት ጀመረ፤ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማል። እናቴ «ኧረ ቀስ፣ ታፍኚዋለሽ!» አለቻት። እህቴ አልሰማቻትም፤ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችው።